የደወለ ሰው ይናገር

ሰኞ

ሐኪሙ ባለቤቴ የምትበላውንና የምትጠጣውን በየቀኑ ጻፍ ብሎኛል። ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚያ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

ጠዋት፦ ሾርባ፣ ግማሽ ሳህን። ቀን፦ ምንም። ማታ፦ ወተት በማንኪያ።

የባለቤቴ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር የሌላ ሰው ሆነዋል። ግራው ይሠራል። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ድምፅ የለም። ሐኪሙ፣ "ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉም ይገባቸዋል፤ ቃሉ ነው የማይወጣላቸው" አለ። ይመለስላት እንደሆነ ጠየቅኩት። ጫማውን እያየ "እናያለን" አለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ፊት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ "እናያለን" ምን ማለት እንደነበረ እዚህ አልጽፍም።

ማክሰኞ

ሾርባ፣ ሩብ ሳህን። ሻይ፣ ሁለት ጉንጭ።

ሐኪሙ ሥራዬን ጠይቆኝ ነበር። "ሲኒማ ቤት ፊልም እናገራለሁ" አልኩት። "ፊልም ያሳያሉ?" አለኝ። "እናገራለሁ።" "ትኬት ይቆርጣሉ ማለት ነው?" ተውኩት። ደብተሩን ሲያይ እንዲገባው እዚሁ ልጻፈው።

እኛ ሲኒማ ቤት የሚታዩት ፊልሞች በባዕድ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ከማሳያው ማሽን አጠገብ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማይክሮፎን መሃላችን አድርገን እንቀመጣለን። በመስታወቱ ሸራውን እያየን ወንዶቹን ሁሉ እኔ፣ ሴቶቹን ሁሉ እሷ፣ በገዛ ቋንቋችን እንናገርላቸዋለን። ትርጉም ብቻ አይደለም። ሰውየው አፉን ሲከፍት መክፈት፣ ሲገጥም መግጠም ነው። ለከንፈር ልክ ቃል መስፋት ነው። አንድ ቃል ከተረፈህ ተመልካቹ ይስቅብሃል። ቋንቋውንም ሥራውንም ያስተማረኝ የለም፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ተማርኩት። ባለቤቴን ደግሞ እኔ አስተማርኳት።

ሰው፣ "እነዚያ ሁለቱ ቤታቸው ከሚያወሩት እዚያች ክፍል ውስጥ የሚያወሩት ይበልጣል" ይላል። ሰው የማይለው የለም።

ረቡዕ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ መጥታ ባለቤቴ አልጋ አጠገብ እየሰፋች ዋለችልኝ። እኔ ባለ ሲኒማው አስጠርቶኝ ሄድኩ።

የዝናቡ ወራት ሲያልቅ ክፍላችንን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ፊልሞቹ ድምፃቸው ተቀድቶባቸው ከትልቁ ከተማ ይመጣሉ። ሰው አያስፈልግም። መዝጊያው ፊልም "ባለካፖርቱ" ይሁን ብሏል፤ ተመልካቹ ያወጣለት ስም ነው።

"የእርስዎና የእማማ ፊልም ስለሆነ ነው" አለኝ። "እስከዚያ ካልተሻላቸው ግን ሌላ ሴት እናስገባ።"

"አይገባም።"

"ታዲያ ሴቶቹን ማን ይናገርልን?"

"እኔ።"

ጢሜን አየና በእጁ አፉን ሸፈነ። ይሳቅ። ይህን ጢም ከጉርምስናዬ ጀምሮ ይዤዋለሁ፤ ባለቤቴ ስንት ዓመት ለመነችኝ፣ "አፍህን የሸፈነውን ቁጥቋጦ መንጥረው፣ ስትናገር ልይህ" እያለች። ተርጓሚ አፉ አይታይም፤ የሚታየው የሌላው ሰው አፍ ነው፣ እላት ነበር።

ሐሙስ

ምንም አልበላችም።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ስልካችን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነው። አነሣሁ። ዝም። እኔም ዝም። እኔ ስልክ ሳነሣ አልናገርም፤ የደወለ ሰው ይናገር። ፈልጎኝ እስከ ደወለ ድረስ ጉዳዩን እሱ ያውቃል። እዚህ ቤት የሚደውል ሁሉ፣ ተነሥቶ ዝም ካለ እኔ እንደሆንኩ ያውቃል።

ትንፋሽ ነበር። ከትንፋሹ ጀርባ አንድ ወንድ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይላል፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና፣ ደግሞ በቁጣ። እብድ ይሆናል። ከዚያ ተዘጋ።

ከዚህ በፊት ሐሙስ ከሰዓት እኔ ቤት አልውልም ነበር፤ አዲስ የመጣ ፊልም አስቀድሜ የማይበት ቀኔ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ስልክ ይደወል እንደነበረ አላውቅም።

ስመለስ ባለቤቴ በግራ እጇ የአልጋውን እንጨት እየመታች ነበር። "የተሳሳተ መስመር ነው" አልኳት።

እሁድ

ጠያቂዎች መጡ። አልጋዋን ከበው ተቀመጡ። ባለቤቴ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

"ምን አሉ?" አለች አንዷ።

"ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ደክሞኛል፣ ልተኛ፣ ነው የምትለው" አልኩ።

ተነሥተው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ቀረች። ይህች ሴት ክር በጥርሷ ስትበጥስ እንኳ ነገር የምትበጥስ ትመስላለች።

"ጋሼ፣ ያን ሁሉ በዚያች ትንሽ የከንፈር እንቅስቃሴ?"

"ሥራዬ ነው።"

"ሥራዎ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔም ሥራዬ መስፋት ነው። ግን ለባለ ልብሱ ልክ እሰፋለሁ እንጂ ለራሴ ልክ ሰፍቼ ሰው አላለብስም።"

ባለቤቴ ዓይኗን ወደሷ መልሳ ነበር። ፈገግታ ይሁን የአፏ መጣመም አልለየሁትም።

ወተት፣ አንድ ብርጭቆ። ልብስ ሰፊዋ ስታጠጣት ትጠጣለች።

ማክሰኞ

"ባለካፖርቱ" ዛሬ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ማታ አንዲት ሴት ወደ አንድ የግል መርማሪ ቢሮ ትገባለች። "ቤቴ በየምሽቱ ስልክ ይደወላል፤ ሳነሣው የሚናገር የለም። ማን እንደሆነ ፈልግልኝ" ትለዋለች። ባሏ ከተገደለ ቅርብ ጊዜ ነው። መርማሪው ካፖርቱን ሳያወልቅ ከተማውን ያስሳል፤ ጠበቃውን ይጠረጥራል፣ የባሏን ወንድም ይጠረጥራል፣ ይደበደባል፣ ይዋሻል፣ ይዋሹበታል። መጨረሻ ላይ ከዝምታው ጀርባ የሚሰማ የባቡር ደወል ወደ ደዋዩ ያደርሰዋል። ደዋዩ ገዳዩ አይደለም። ግድያውን ያየ ሽማግሌ ዘበኛ ነው፤ ሊነግራት ይደውላል፣ አፉ አይታዘዝለትም። ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ዝምታን የሰማ ሰው ከኋላው ያለውን መስማት ይችላል። መርማሪ ማለት ይህ ነው።

ሴቲቱን በቀጭኑ ስናገር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ፣ "እመቤቲቱ ጉንፋን ይዟቸዋል" ብሎ ጮኸ። ቀጠልኩ። የኔ አንገት ለሳቅ አይዞርም።

ሐሙስ

ጮኸ። አነሣሁ። ዝም። ያ እብድ ዛሬም ከኋላ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው የሚደጋግመው። "በሩን ክፈችልኝ። በሩን ክፈችልኝ። በሩን…"

ባለቤቴ አልጋውን ስትመታ እኔ ኮሪደር ድረስ ይሰማኛል። በሌላኛው ጫፍ ላለውም ሳይሰማ አይቀርም።

ቅዳሜ

ጭላንጭል ሊጠይቃት መጣ። የፊልም ማሽኑ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዓለምን በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ ስላየ ነው ስሙ። ለባለቤቴ ቀልዶ ሊያስቃት ሞከረ።

"እማማ፣ ጋሼ ሴት ሆነው ሲናገሩ ቢሰሙ ኖሮ በደስታ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ትናንት መርማሪው ሊስማቸው ሲቀርብ አንዱ ተመልካች 'ተው፣ ጢሙ ይወጋሃል' አለ።"

ሳቀች። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ግን ሳቀ። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም።

በኋላ በረንዳ ላይ በትልቁ ከተማ የፊልም ድምፅ ስለሚቀዳበት ቤት አነሣ። "ሄጄ አየሁት ጋሼ። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ያስብሉሃል። በቁጣ በለው ይሉሃል፣ ደግሞ በልመና በለው ይሉሃል። ማበድ ነው።" ከዚያም፣ "አላየኋትም እንጂ እዚያው ናት አሉኝ" አለ።

ስለ ዝናቡ አነሣሁበት።

ሰኞ

ሾርባ፣ ሦስት ማንኪያ።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ በግልጽ ወጣች። "ልጅዎ ይነገራት። የስልክ ቁጥሯን የሚያውቁት እማማ ብቻ ነበሩ፤ በቃላቸው ነው የያዙት። እሳቸው ደግሞ ይኸው። እርስዎ ድምፅ ከሚቀዳበት ቤት አስፈልገው ያስጠሯት።"

ያቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያደገችው በኛ ክፍል ነው፤ ከማይክሮፎኑ ጠረጴዛ ሥር። በፊልሙ ውስጥ ልጅ ሲኖር ልጁን እሷ ትናገረው ነበር። ስታድግ ለሁለተኛዋ ሴት በቃች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ፣ ድምፅ ቀድተው ሰውን ከሥራ ለሚያስወጡት ሄዳ ተቀጠረች። የእናቷን ቦታ፣ የአባቷን ቦታ ለማሽን። እናትና ልጅ ሊነግሩኝ ፈርተው ነበር፤ እኔ ግን ሻንጣው ሲወጣ ደረስኩ። የተናገርኩትን ተናገርኩ። አንዴ ነው የተናገርኩት፤ እኔ ነገር አልደግምም።

"አባትነት እኮ ነው ጋሼ።"

"የፈለገ ሰው ይምጣ። በሩ የት እንዳለ ታውቀዋለች።"

"እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ" አለችና መርፌዋን ልብሷ ላይ ሰክታ ሄደች።

ሐሙስ

ባለቤቴ ስልኩን ስትሰማ ገና በመጀመሪያው ጩኸት ነው እንጨቱን የምትመታው። ስትመታ ጣቷ ቆስሏል። ፋሻ አሰርኩላት። በፋሻውም መታች።

ስልኩን ላምጣልሽ አልኳት፤ ግን ሽቦው አይደርስም። ከኮሪደሩ እስከ መኝታ ቤቱ አይደርስም። ለክቼዋለሁ።

ዓርብ

ጭላንጭል አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ መጣ። እኔ አልጠራሁትም። ልብስ ሰፊዋ ናት።

"ፊልም ሲበጠስ እቀጥላለሁ፤ ስልክማ ምን አለው" እያለ ግድግዳውን ይዞ ሽቦውን እስከ አልጋው ራስጌ ዘረጋው። ባለቤቴ ሽቦው ሲመጣ በዓይኗ ስትከተለው ነበር፤ ሕፃን ልጅ ጉንዳን በዓይኗ እንደምትከተል።

ምሽት፦ ወተት፣ ሙሉ ብርጭቆ። ራሷ ብርጭቆውን በግራዋ ያዘች።

ረቡዕ

ስትተኛ ከንፈሯን አየሁት። ተኝታም ይንቀሳቀሳል። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው፤ ይመላለሳል። ሐኪሙ መጥቶ ሳለም እንዲሁ ሆነ። "ምን ይላሉ?" ሲለኝ "ውኃ" አልኩት። ውኃ ሰጠናት። አልጠጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ

እንዳለ ልጻፈው።

ከሰዓት ስልኩ ራስጌዋ ላይ ጮኸ። እኔ እጀታውን አንሥቼ በግራ እጇ አስያዝኳት። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ዓይኗ ተከፈተ።

ከወዲያ ዝም። ከወዲህ ዝም።

ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያው እንቅስቃሴ ነው፤ ተኝታ የምታደርገው። ቀስ ብላ፣ እንደ ገና ቀስ ብላ፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት አስተምራት በነበረ ጊዜ፣ ቃሉን ከከንፈሩ ጋር ለማስገጠም እንደምትለፋው። ከጉሮሮዋ ምንም አይወጣም። ትንፋሽ ብቻ። የእጀታው መናገሪያ በትንፋሿ ላብ አወጣ።

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ከእጀታው የሚወጣው ትንፋሽ ይሰማኛል። ከኋላው እብዱ የለም ዛሬ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ሄዳ ነው የደወለችው። ትጠብቃለች።

ባለቤቴ አየችኝ። ሥራህን ሥራ የሚል አስተያየት ነበር። ሸራው ላይ ያለ ሰው አፉን ሲከፍትና ከኔ ድምፅ ሳይወጣ ሲቀር፣ በክርኗ ጎኔን ስትነካኝ የምታየኝ አስተያየት።

አልተናገርኩም።

ከወዲያ ተዘጋ። ቀስ ተብሎ ነው የተዘጋው። ተነሥቶ ዝም ካለ እኔ እንደሆንኩ የሚደውል ሁሉ ያውቃል።

ባለቤቴ እጀታውን አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት።

ምግብ፦ ምንም።

ዓርብ

ምንም።

ቅዳሜ

ውኃ በጥጥ። ሐኪሙ መጣ። ጫማውን እንኳ አላየም፤ እኔን ነው ያየው።

እሁድ

ጠዋት፦

ሰኞ

ቀበርናት። ዘነበ።

ጭላንጭል ሣጥኑን ይዞ ነበር። ባለ ሲኒማው መጣ። ከሲኒማው የዘወትር ተመልካቾች ብዙ ሰዎች መጡ፤ በፊታቸው አላውቃቸውም፣ በሳቃቸው ነው የማውቃቸው። ዛሬ የሚስቅ አልነበረም። አንዲት ሴት፣ "ድምፃቸውን ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ መልካቸውን ግን ዛሬ ነው ያየሁት፤ በፎቶ" አለችኝ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ሰው አፏን ገጥማ ዋለች። ወደ ማታ ስትሄድ ብቻ፣ "አሁንስ ማን ይንገራት?" አለች።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ደብተሩን አይፈልገውም አሁን። ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ጠዋት፦ ሻይ። የኔ ነው።

ሐሙስ

ጮኸ።

ሽቦው አሁንም ባዶው አልጋ ራስጌ ድረስ ተዘርግቷል። አነሣሁ። ዝም። እኔም።

ልጄ ደውላ ለምን አትናገርም እያልኩ ብዙ ጊዜ ተናድጄባታለሁ። ዛሬ እጀታውን ይዤ ቆሜ ሳለ ሻንጣው የወጣ ዕለት ያልኩት መጣብኝ። ውጪ አላልኳትም። ልጄ አይደለሽም አላልኳትም። ያልኩት፣ "እኔ በሕይወት እስካለሁ ድምፅሽን በዚህ ቤት እንዳልሰማው" ነው። ለድምፅ ሠራተኛ ከዚህ የባሰ ነገር አይገኝም ብዬ መርጬ ነው ያልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ወለምታ አልነበረም፤ ለክቼ ነው የሰፋሁት።

ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ እየታዘዘችኝ ነው። እየደወለች። ድምፅ ሳታሰማ።

ዘጋችው። ወይ እኔ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ማሳያ ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ክፍላችን ውስጥ የእሷን ወንበር ማንም አላነሣውም። መሃረቧ መደገፊያው ላይ ታስሮ እንዳለ ነው። ጭላንጭል በቀዳዳው እያየኝ፣ "ጋሼ፣ ካቃተዎት ድምፁን በባዕድ እለቀዋለሁ" አለኝ። "ማሽንህን ጠብቅ" አልኩት።

መርማሪውን ተናገርኩ። ሴቲቱን ተናገርኩ። ዛሬ ቀጭን አላደረግኩትም፤ በራሴ ድምፅ ነው፣ ዝቅ አድርጌ። አንድም የሳቀ የለም።

መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ አለ። ምሽት ነው፤ ስልኩ ይጮሃል፤ መርማሪው ጥግ ላይ ቆሟል። ሴቲቱ ታነሣዋለች። ዝምታ። ያን ጊዜ መርማሪው አይደለም ነገሩን የሚፈታው፤ እሷ ናት። "ማን እንደሆንክ አላውቅም" ትላለች። "እንዳትዘጋው። አንተ ካልቻልክ እኔ ልጀምር።" ከዚያ ሽማግሌው ዘበኛ ማልቀስ ይጀምራል፤ ያየውን ይናገራል፤ ገዳዩ ይታወቃል።

ይህ ቦታ የፊልሙ ድክመት ነው ስል ኖሬያለሁ። የደወለው ነው መናገር ያለበት። ባለቤቴን በየጊዜው፣ "ሴትዮዋ እዚህ ቦታ ትልፈሰፈሳለች፣ ጠንከር አድርጊው" እላታለሁ። ታዳምጠኝና፣ መብራቱ ሲጠፋ እንደ ፈለገችው አድርጋ ትለዋለች። ለስላሳ አድርጋ። በየጊዜው አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል። እኔ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ነኝ፤ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ አልሰማሁትም።

የሴቲቱ ከንፈር ተከፈተ። ከኔ ምንም አልወጣም። ሸራው ላይ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ማንም በክርኑ አልነካኝም።

ከንፈሯ ከተገጠመ በኋላ ነው የወጣልኝ። ዘግይቶ። በሙያዬ ዘግይቼ አላውቅም። "እንዳትዘጋው" አልኩ፤ ሴቲቱ አፏን ዘግታ ነበር። "አንተ ካልቻልክ እኔ ልጀምር።"

ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ባለ ሲኒማው፣ "ዘግይተው ማድረግዎ ተመልካቹን ገደለው፤ እንዴት አሰቡት?" አለኝ።

መሃረቧን ፈትቼ ይዤው መጣሁ።

ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ የልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ነበር፤ ስልክ ስለሌላት የኛን ቁጥር ትሰጣለች። ሰውየው "ሱሪዬ ደረሰ ወይ?" አለኝ። አልደረሰም አልኩት። ዘጋሁበት፤ መስመሩ እንዳይያዝ።

ከሰዓት ጮኸ። አነሣሁ። ትንፋሽ።

"እንዳትዘጊው" አልኩ።

ትንፋሹ ቆመ።

ጉሮሮዬ የማላውቀው ሰው ጉሮሮ ሆኖ ነበር። ለሌላ ሰው ስናገር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። "አባትሽ ነኝ" አልኩ። "ታውቂዋለሽ። እናትሽ የለችም። ሕመሙ ጭንቅላቷ ላይ መጣባት፤ አፏን ወሰደው፤ ከዚያ ራሷን ወሰዳት። ቀበርናት። አልነገርኩሽም።"

ከወዲያ የሆነ ነገር ወደቀ፤ ወንበር ይመስለኛል።

"አንድ ሐሙስ ጸጥ ካለ ቦታ ደውለሽ ነበር። ተነሥቶ ዝም አለ። እኔ መስዬሽ ዘጋሽው። እኔ አልነበርኩም። እናትሽ ናት የያዘችው። በግራ እጇ። ስታናግርሽ ነበር፤ ድምፅ ነው ያጣችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።"

ልቅሶዋን እንኳ እንዳይሰማ አፍና እንደያዘችው ገባኝ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ የሰው ትንፋሽ ስቆጥር ኖሬ ይህ አይጠፋኝም።

"ተናገሪ" አልኳት። "ድምፅሽን በዚህ ቤት ልስማው።"

ከወዲያ የወደቀው ሲነሣ ሰማሁ።

"ምን አለችኝ?" አለች።

ድምፁ የባለቤቴ ነበር። መቼ እንዲህ ሆነ።

"አባዬ፣ ምን አለችኝ?"

ልመልስላት እችል ነበር። ለዚያች ከንፈር ልክ የሚሆን ስንት ቃል ነበረኝ፤ "ይቅር ብዬሻለሁ" ይገጥማል፤ "ነይ ልጄ" ይገጥማል፤ ሌላም ያማረ ይገጥማል። ማንም አያውቅብኝም። ከአልጋዋ ዙሪያ ጠያቂ ሳስነሣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እስክታዞር ውኃ ስሰጣት የኖርኩት እንደዚያው አይደል።

"አላውቅም" አልኳት። "ብዙ ቃል አፏ ላይ አድርጌባታለሁ። ይህን አልነካም። ያንቺ ነው። ግን ከንፈሯ እንዴት እንደሆነ አንድም ሳልጥል ይዤዋለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው። ልክ እሷ እንዳደረገችው አደርግልሻለሁ። በስልክ አይታይም። መጥተሽ እዪው።"

"አባዬ…" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። እሷ ትዝጋው፣ ዝናቡ ያቋርጠው አላውቅም። እጀታውን ብዙ ቆይቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ዓርብ

ጠዋት፦ ሻይ፣ ዳቦ።

መስታወቱ ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። መጀመሪያ ከንፈር ይገጥማል፤ ከዚያ ይከፈታል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ጎን። ሸራ ላይ ያየሁትን ረስቼ አላውቅም፤ ይህንንም አልረሳሁትም። ግን አልታይ አለኝ። ጢሜ የላይኛውን ከንፈር ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

በመጀመሪያ በመቀስ፣ ከዚያ በምላጭ አነሣሁት። ሁለት ቦታ ቆርጬዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ የሱሪውን ጉዳይ ልትጠይቅ ገብታ በሩ ላይ ደረቀች። ትተርበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሙቅ ውኃ አምጥታ ደሙን ጠረገችልኝና አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።

ከሥሩ የወጣው ከንፈር ነጭና ቀጭን ነው፤ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ባለቤቴ ይህን ሳታይ ነው የሄደችው።

ትመጣለች አላለችም። ወንበሬን ግን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ ከበሩ ለሚገባ ሰው ብርሃኑ አፌ ላይ እንዲወድቅ።